መኪናው አዲስ አበባ፣ ደብዳቤው ሲልቨር ስፕሪንግ

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ፖስታ ደረሳት። ላዩ ላይ በደማቁ የደኅንነት ማሳሰቢያ እንደሆነ ተጽፎበታል። ማስታወቂያ መስሏት ልትጥለው ነበር። ስትከፍተው ግን የመኪናዋ መሪ ችግር ስላለበት ወስዳ በነፃ እንድታስጠግን የሚጠይቅ ደብዳቤ ነው። መኪናውን ከሸጠችው ሦስት ዓመት ሆኗታል። የገዛት ሰውዬ አሮጌ መኪና እየሰበሰበ በኮንቴይነር ወደ ዱባይ የሚልክ ነጋዴ ነበር።

«ማን ያውቃል፣ እናንተ ጋ መጥቶ ይሆናል» አለችኝ በስልክ፣ እየሳቀች።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ስልኩን ዘግቼ የራሴን ሊብሬ ከመሳቢያ አወጣሁ። መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ ሻንሲ ቁጥሩን አንድ ቀን እንኳ በወጉ አንብቤው አላውቅም። ቦሎ ሳሳድስ ሌሎች ያነቡታል፤ እኔ ከፍዬ ወረፋ እጠብቃለሁ።

ነገሩ በአጭሩ ይሄ ነው። እንዲህ ያለው የሪኮል (የጥገና ጥሪ) ደብዳቤ የሚሄደው መዝገብ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው። መኪናው ድንበር ሲሻገር ጉድለቱ አብሮት ይሻገራል፤ ደብዳቤው እዚያው ይቀራል። እኛ ደግሞ ብዙውን መኪና ሌላ ሰው ነድቶ ከጠገበው በኋላ የምንገዛ ሰዎች ነን። (ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት የፈረንጆቹ ናቸው።)

«ሪኮል» ሲባል

ቃሉን ብዙ ሰው በሁለት መንገድ ይረዳዋል። አንዱ «ኩባንያው መኪኖቹን ሰብስቦ ወሰደ» ብሎ ያስባል። ሌላው «ይሄ ብራንድ ዕቃው የወደቀ ነው፣ እንዳትገዛ» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሪኮል ማለት አምራቹ፣ በራሱ ፈቃድም ይሁን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አፋጦት፣ «ይህን ሞዴል ስንሠራ ለሕይወት የሚያሰጋ ስህተት ሠርተናል፤ አምጡና በነፃ እናስተካክል» ሲል ነው። አንዳንዴ አንድ ብሎን ማጥበቅ ብቻ ይሆናል። አንዳንዴ አንድ ሙሉ ክፍል ይቀየራል።

አሜሪካ ውስጥ ይህ በሕግ የተደነገገው በ1966 ነው። አምራቹ ጉድለቱ የደኅንነት ጉድለት መሆኑን ከወሰነ በኋላ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለተቆጣጣሪው፣ ማለትም ለብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ማሳወቅ አለበት። ከዚያ በ60 ቀናት ውስጥ ለባለቤቶቹ ደብዳቤ ይጽፋል። መኪናው 15 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ጥገናው በነፃ ነው።

እኔ ብዙ ሪኮል ያለበትን ብራንድ ስሰማ ብዙም አልደነግጥም። ሪኮል የሚበዛው የሚጠይቅ፣ የሚመረምርና የሚቀጣ ባለበት አገር ነው። ጠያቂ በሌለበት አገር መኪኖች ሁሉ ጤነኛ ናቸው፣ በወረቀት ላይ።

መሪ ሲከዳ

የመሪ ጉድለት አንድ ዓይነት አይደለም። እኛ ጋራዥ ስንሄድ «መሪው አስቸገረኝ» ብለን እንገላገላለን። ለአደጋው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

በጣም የሚያስፈራው ግንኙነቱ ሲቋረጥ ነው። አንተ ታዞራለህ፣ ጎማው አይሰማህም። በ2018 ፎርድ በሰሜን አሜሪካ ወደ 1.4 ሚሊዮን የሚጠጉ ፊውዥንና ሊንከን ኤምኬዜድ መኪኖችን የጠራው በዚሁ ዓይነት ስጋት ነበር። የመሪውን ክብ ከዘንጉ ጋር የሚያጣብቀው ብሎን በጊዜ ብዛት ሊላላ ይችላል። ባስ ሲልም ክቡ ተነቅሎ እጅ ላይ ሊቀር ይችላል። ለልጆች ካርቱን የሚመች ትዕይንት ነው፤ ቀለበት መንገድ ላይ ሲሆን ግን አስበው።

ሁለተኛው የእገዛው መጥፋት ነው። «ፓወር ስቲሪንግ» የምንለው ነገር እጃችንን የሚያግዝ ጡንቻ ነው። ድሮ በዘይት ግፊት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው። እገዛው ሲጠፋ ብዙ ሰው «መሪው ተቆለፈ» ይላል። በአብዛኛው አልተቆለፈም። ዘንጉ እንደተያያዘ ነው፤ የከበደው እጅህ ነው። በፍጥነት ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እየሄድክ ከሆነ ላታስተውለውም ትችላለህ። አደባባይ ስትዞር ወይም ከፓርኪንግ ስትወጣ ግን ድንጋይ የምትገፋ ይመስልሃል። ገዳዩ ክብደቱ ሳይሆን ድንገተኛነቱ ነው። ኩርባ መሃል ላይ ሰው ሲደነግጥ መሪውን ይለቃል፣ ወይም ፍሬን ይረግጣል፣ ወይም ይባስ ብሎ ቁልፉን ያጠፋል። የሚሻለው በሁለት እጅ አጥብቆ ይዞ፣ ነዳጅ ለቅቆ፣ ቀስ እያሉ ዳር መያዝ ነው። ቁልፉን እየሄዱ መንካት አይገባም። ቁልፉ ሲወጣ መሪ የሚቆልፉ መኪኖች ብዙ ናቸውና ያኔ የእውነት ይቆለፋል።

የቁልፍ ነገር ከተነሳ የጄነራል ሞተርስን ጉድ ማለፍ አይቻልም። በ2014 ኩባንያው ወደ 2.6 ሚሊዮን የሚጠጉ ትንንሽ መኪኖችን ጠራ። ችግሩ የመሪ ክፍል ላይ አልነበረም። ቁልፍ የሚገባበት ማብሪያ ላይ ነበር። ማብሪያው ላልቶ ስለተሠራ ከባድ የቁልፍ ማንጠልጠያ ወይም አንድ ጉድጓድ ቁልፉን ከቦታው ያንሸራትተዋል። ሞተር ይጠፋል፣ የመሪ እገዛ ይጠፋል፣ የፍሬን እገዛ ይዳከማል፣ ኤርባጉም አብሮ ይተኛል። ማለትም መሪው ከብዶህ መንገድ ስትስት፣ ሊያድንህ የሚገባው ነገር ተኝቷል። ኩባንያው ያቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 ሰዎች በዚሁ ሳቢያ መሞታቸውን ተቀብሏል። ኩባንያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ነገሩን ከአሥር ዓመት በፊት ጀምሮ ያውቁ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት መጨረሻ ይኸው ኩባንያ ሌሎች 1.3 ሚሊዮን መኪኖችን ጠራ። ይህኛው በቀጥታ የኤሌክትሪክ መሪ እገዛቸው በድንገት ስለሚጠፋ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት የተለመደ አይደለም፦ መሪው ይያዛል። ሆንዳ በጥቅምት 2024 አሜሪካ ውስጥ ወደ 1.7 ሚሊዮን መኪኖች የጠራው ለዚህ ነው። ሲቪክ፣ ሲአርቪ፣ ኤችአርቪና ሌሎችም አሉበት። በመሪው ማርሽ ውስጥ ያለ አንድ ጥርሳም ክብ በአሠራሩ ስህተት ሊያብጥ ይችላል። ሲያብጥ በጥርሶቹ መካከል ያለው ግራሶ ይሳሳል፣ መፋተግ ይመጣል። ሾፌሩ በሀይዌይ ላይ ትንሽ ሊያስተካክል ሲል መሪው አንድ ቦታ ላይ ንክስ አድርጎ ይይዘዋል። በኃይል ሲገፋው ደግሞ ከሚፈልገው በላይ ይዞራል። መፍትሔው አንዲት ስፕሪንግ መቀየርና ግራሶ መጨመር ነበር። 1.7 ሚሊዮን መኪና፣ ለስፕሪንግና ለግራሶ!

ቆሞ መሪ የጠመዘዘ

ከሁሉም በላይ ማንበብ ያለብን ታሪክ የሃይሉክስ ነው። መኪናውን ለእኛ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ዘመቻ ያየ፣ ገጠር የሠራ፣ ለእርዳታ ድርጅት የነዳ ያውቀዋል።

የሃይሉክስና የወንድሙ የሃይሉክስ ሰርፍ (አሜሪካ ውስጥ ፎርራነር የሚባለው) መሪ ሥር አንድ ዘንግ አለ። ከመሪው የሚመጣውን እንቅስቃሴ ለሁለቱ የፊት ጎማዎች ያደርሳል። ይህ ዘንግ በተደጋጋሚ ሲጨነቅ ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ድምፅ አያሰማም። አንድ ቀን ይበጠሳል።

ቶዮታ የመሰበር ሪፖርት መቀበል የጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚያው አሥርት አጋማሽ በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ዘንጉን አጠናከረ። መንገድ ላይ ያሉትን ግን አልጠራም። በነሐሴ 2004 ጃፓን ውስጥ፣ ኩማሞቶ በሚባል አካባቢ፣ አንድ ሃይሉክስ ሰርፍ መሪው ከድቶት ወደ ተቃራኒው መስመር ገባና ከሌላ መኪና ጋር ተጋጨ። አምስት ሰዎች ቆሰሉ። በጥቅምት ወር ቶዮታ ጃፓን ውስጥ ወደ 330 ሺህ መኪኖች ጠራ። ፖሊስ በበኩሉ ነገሩን አልተወውም። በ2006 የኩባንያውን ሦስት ኃላፊዎች ጉዳይ ለዐቃቤ ሕግ አቀረበ።

አሁን ልብ በሉ። ያው ዘንግ፣ ያው መኪና አሜሪካም ይነዳል። ቶዮታ በዚያን ጊዜ ለአሜሪካው ተቆጣጣሪ የሰጠው መልስ አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ችግር አልታየም የሚል ነበር። ምክንያቱ ምን ሆነ? የአነዳድ ልዩነት። ጃፓን ውስጥ ፓርኪንጉ ጠባብ ነው፤ ሰው መኪናውን አቁሞ መሪውን እስከ ጥጉ ይጠመዝዛል። አሜሪካ ሰፊ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ጭንቀት ዘንጉ ላይ አይመጣም። የጃፓንን ሰርዶ በጃፓን በሬ እንደማለት ነው። ዓመት ሳይሞላው፣ በ2005፣ ቶዮታ ሐሳቡን ቀይሮ አሜሪካ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ጠራ። ቀድሞ የደረሱ የአሜሪካ አቤቱታዎች እንደነበሩ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተቆጣጣሪው በ2010 ፋይሉን እንደገና ከፈተ። በዓመቱ መጨረሻ ቶዮታ ሪኮሉን በማዘግየት ለዚህች ዘንግ ብቻ 16.05 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ። ቆሞ መሪ መጠምዘዝ? መንጃ ፈቃድ ስማር የማስተማሪያው አሠልጣኝ መጀመሪያ ያስጠነቀቀኝ ነገር ይሄ ነው፦ «መኪናው ሳይንቀሳቀስ መሪ አታዙር፣ ዕቃ ትጨርሳለህ!» ከዚያ ፈተናውን አልፌ ወጣሁና መርካቶ አካባቢ ገባሁ። በፊት ሚኒባስ፣ በኋላ ጋሪ፣ በጎን ተሸካሚ። ቆመህ ካልጠመዘዝክ የት ትሄዳለህ? የቶዮታ መሐንዲሶች የጃፓን ጠባይ ነው ያሉት ነገር የእኛ የዕለት ኑሮ ነው። በዚያ ላይ ኮረኮንቹን ጨምሩበት።

የአጋጣሚ ነገር አይደለም፣ ታሪኩ ተደገመ። በኅዳር 2012 ቶዮታ በዓለም ዙሪያ 2.77 ሚሊዮን መኪኖችን ጠራ፤ ፕሪየስና ኮሮላ አሉበት። አሁንም የመሪ ዘንግ ነው፤ ግን ሌላ ቦታ ላይ ያለ። ብረቱ የሚገባውን ያህል ስላልጠነከረ፣ በዝግታ እየሄዱ መሪውን ደጋግመው በኃይል እስከ ጥጉ ካዞሩት፣ የሚያገናኙት ጥርሶች እየተበሉ ይላላሉ። ዋሽንግተን ዲሲ ፕሪየስ ይዘው ታክሲ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ደብዳቤ ያስታውሱት ይሆናል። ለነሱ ደርሷቸዋል። በስማቸው የተመዘገበ መኪና፣ የታወቀ አድራሻ አላቸው።

ደብዳቤው ደርሶም

ደብዳቤ መድረሱ ብቻ እንደማይበቃም መናገር አለብኝ። በ2004 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለት እህትማማቾች፣ 24 እና 20 ዓመታቸው ነበር፣ በተከራዩት መኪና ሞቱ። መኪናው በመሪ ዘይት መፍሰስ ምክንያት እሳት ሊነሳበት ይችላል ተብሎ ሪኮል ወጥቶበት ነበር። ማሳሰቢያው ለአከራዩ ከአደጋው በፊት ደርሶታል። ሳይጠገን አከራየው። በ2010 ፍርድ ቤት ለወላጆቻቸው 15 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። እናታቸው ግን በገንዘቡ አላቆመችም። ዓመታት ኮንግረስ ደጅ ጠናች። በ2015 በልጆቿ ስም የተሰየመ ሕግ ወጣ። ከ35 በላይ መኪና ያለው አከራይ ሪኮል የወጣበትን መኪና ሳያስጠግን ማከራየት አይችልም።

የሚገርመው፣ ያገለገለ መኪና ሻጭ ግን ይህ ክልከላ በፌዴራል ሕግ አልደረሰበትም። አዲስ መኪና ሪኮሉ ሳይጠገን መሸጥ ክልክል ነው። አሮጌውን መሸጥ ይቻላል። ለጨረታ ማቅረብ ይቻላል። ኮንቴይነር ውስጥ መጫን ይቻላል። 

የእኛ መኪናዎች

ቪትዝን እንውሰድ። «ቪትዝ» ቶዮታ ለጃፓን ገበያ ያወጣው ስም ነው፤ ውጭ አገር ያሪስ ይባላል። ጃፓን መሪው በቀኝ ነው። እኛ በ1964 ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ ከተዛወርን ወዲህ መሪያችን በግራ ነው። እንግዲያው «ቪትዝ» የሚል ጽሑፍ ከኋላው ይዞ፣ መሪው ግራ ላይ ያለ መኪና ስታይ አንድ ነገር ይግባህ። አንድ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዱባይ ውስጥ፣ ዳሽቦርዱን አውልቆ መሪውን ከቀኝ ወደ ግራ አሻግሮታል። ያ ሰው ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ወይም አርብ ማታ ቸኩሎ የነበረ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ መኪና የወጣ የመሪ ሪኮል ምን ትርጉም አለው? ጃፓን የተዘጋጀው ምትክ ዕቃ የተሠራው ለቀኝ መሪ ነው። እኛ ጋ ያለው መሪ ደግሞ ፋብሪካ የማያውቀው መሪ ነው። ችግር ቢኖርበት ሪኮል የሚያወጣለት የለም፤ ያዘዋወረው ጋራዥ ደብዳቤ አይጽፍም። ሽቦውም አለ። በ2014 ቶዮታ 6.39 ሚሊዮን መኪኖችን በአንድ ጊዜ ሲጠራ ከምክንያቶቹ አንዱ በመሪው ውስጥ የተጠመጠመ ሽቦ ነበር። መሪው ሲዞር ሽቦው ሊጎዳና የሾፌሩ ኤርባግ ላይሠራ ይችላል ተባለ። በፋብሪካ የተገጠመው እንዲህ ከሆነ፣ ተፈትቶ እንደገና የተቀጠለውን አስቡት።

«አሁንማ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ከተማው በቻይና መኪኖች ተሞልቷል። አዲስ ናቸው፣ መሪያቸውም ከፋብሪካው ጀምሮ በግራ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን የኤሌክትሪክ መኪና መሪ ያለ ሪኮል አይኖርም። በመስከረም 2024 መጨረሻ የቻይና የገበያ ተቆጣጣሪ፣ ቢዋይዲ ከ96 ሺህ በላይ ዶልፊንና ዩዋን ፕላስ መኪኖችን እንደሚጠራ አስታወቀ። (ዶልፊን ስል የታክሲውን ሃይኤስ ማለቴ አይደለም፤ ስሙ ተገጣጠመ።) ከኅዳር 2022 እስከ ታኅሣሥ 2023 የተሠሩ ናቸው። የመሪ እገዛውን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ውስጥ አንዲት ትንሽ አካል በአገጣጠም ስህተት ልትሰነጠቅ ትችላለች። ከዚያ ሾርት ይመጣል፣ ሲብስም እሳት ይነሳል። ጥገናው የማይረባ የሚመስል ነው፦ ክፍሉ ላይ መከላከያ ንጣፍ ማድረግ።

ቻይና ውስጥ ያለ ባለቤት ማሳሰቢያውን ያገኛል። አዲስ አበባ በነጋዴ በኩል የገባው ዶልፊን ባለቤትስ? መልእክቱ ቢመጣ እንኳ ስክሪኑ ላይ በቻይንኛ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ደግሞ የዜና ማሰራጫ መስሎት በጣቱ ገፋ አድርጎ ያልፈዋል።

አንዳንዱ ጥገና ዛሬ በኢንተርኔት ይደርሳል። ቴስላ በ2025 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ 376,241 መኪኖችን ለመሪ እገዛ ችግር «ጠራ» ሲባል ለጥገናው ጋራዥ መሄድ አላስፈለገም፤ ሶፍትዌሩ በአየር ላይ ታደሰ። ከዚያ በፊት በ2022 ደግሞ ከ40 ሺህ በላይ መኪኖቹ ላይ ተመሳሳይ አድርጓል። የዚያኛው ችግር ይበልጥ የኛን ይመስላል፦ መኪናው ጎርባጣ መንገድ ላይ ሲሄድ ወይም ጉድጓድ ሲመታ የመሪ እገዛው ይጠፋ ነበር። ጎርባጣ መንገድና ጉድጓድ! ይህን ሳነብ ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ያለችው ግማሽ ኪሎሜትር ፊቴ ላይ መጣች።

ቁጥሯን ማንበብ

በየዓመቱ ለቦሎ ስንሄድ መኪናው ይመረመራል። ፍሬን ይታያል፣ መብራት ይታያል፣ የመሪ ጨዋታ ይታያል። ጥሩ ነው። ነገር ግን በውስጡ ስንጥቅ የጀመረ ዘንግ በዓይን አይታይም። ሊያብጥ የሚችል ጥርስም አይታይም። የሚታየው ቁጥር ነው። ጃፓኖች ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። ከግንቦት 2018 ጀምሮ ታካታ የተባለው ኩባንያ በሠራው ኤርባግ ሳቢያ የወጣባቸውን ሪኮል ያላስጠገኑ አደገኛ መኪኖች ግዴታ የሆነውን የቴክኒክ ምርመራ እንዳያልፉ አድርገዋል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ለደኅንነት የወጣ ሪኮልን ችላ ያለ ሰው መኪናውን እንዳይነዳ ሊከለከል ይችላል።

እኛ ጋ ሻንሲ ቁጥሩ ቀድሞውንም ይነበባል፣ ይመዘገባል። ቁጥሩን ሲመዘግቡ አንድ ፍለጋ ማድረግ ምን ያህል ያስቸግራል? የሁሉንም አገር ዝርዝር መያዝ ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ግን መንገዳችንን የሞሉት ሞዴሎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለሃይሉክስ፣ ለኮሮላ፣ ለቪትዝ፣ አሁን ደግሞ ለቢዋይዲ የወጡትን የመሪና የኤርባግ ሪኮሎች ብቻ ግድግዳ ላይ ቢለጥፉ እንኳ ወረፋ ጠባቂው የሚያነበው ነገር ያገኛል።

እስከዚያው ስልክ አለን። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ከሆነ የመጀመሪያዋን ፊደል እዩ። በ«ጄ» የሚጀምር ጃፓን የተሠራ ነው፣ በ«ኤል» ቻይና፣ በ«ደብልዩ» ጀርመን፤ በ1፣ በ4 ወይም በ5 የሚጀምር አሜሪካ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ከ2014 ጀምሮ ቁጥሩን አስገብቶ በነፃ የሚፈተሽበት ገጽ አለው። ሳዑዲ አረቢያም በንግድ ሚኒስቴሯ በኩል የሪኮል ድረ ገጽ አላት፤ ለባሕረ ሰላጤው ገበያ ለተሠሩት ይጠቅማል። ቁጥሩ አጭር ሆኖ መሃሉ ላይ ሰረዝ ካለበት መኪናው ለጃፓን ገበያ የተሠራ ነው። ያኔ የአሜሪካው ገጽ ምንም አይነግርህም፤ የአምራቹን የጃፓን ገጽ መክፈት ያስፈልጋል። ጃፓንኛ ነው፣ ግን ስልካችን ይተረጉማል። ሪኮል ከተገኘ ወረቀቱን አትሞ ለብራንዱ ወኪል ማሳየት ነው። ወኪሉ በነፃ ባይሠራው እንኳ፣ መካኒኩ የትኛውን ዘንግ አውጥቶ እንደሚያይ ያውቃል። «መሪው አስቸገረኝ» ከማለት ይሻላል። መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ደግሞ ደላላው «ጥይት ናት» ሲለው ዝም ብሎ ሊብሬውን ፎቶ ያንሳ።

እኔም ያን ዕለት ማታ አነሳሁ። የኔ ቁጥር አጭሩ ነው፣ ሰረዝ ያለበት። ብራንዱን አልናገርም። ገጹ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ በሦስተኛው አስገባሁት። አንድ ሪኮል ወጣ። የመሪ ነው። ሆዴ ዝቅ አለ። ከዚያ ስልኬ ከጎኑ ያለችውን ቃል ተረጎመልኝ፦ «ተከናውኗል»።

ከአሥር ዓመት በፊት፣ መኪናዋ ገና ጃፓን ሳለች፣ የማላውቀው አንድ ሰው ደብዳቤ ደርሶታል። እሱም ከፍቶ አንብቦታል።